በአንድ ዓይን የተሣሉት

አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለመሪጌታ ወልደ አማኑኤል፤

እንደምን ሰንብተዋል? ክረምቱ ዘንድሮ እንደከበደ ሰማሁ። የእናቴ ጉልበትስ እንዴት ሆነላት? እኔ ደኅና ነኝ። ስልኩ ከተቋረጠና መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ደብዳቤ መጻፍ ለምጄ፣ አብራኝ የምትኖረው መሲ «እንደ ድሮ ሰው ፖስታ ስታሽጊ ዋልሽ» እያለች ትስቅብኛለች። እኔ ግን ወድጄዋለሁ። በስልክ «ደኅና ነን» ብለው ይዘጉብኝ ነበር፤ በደብዳቤ ቢያንስ ሁለት ገጽ ይሞሉልኛል።

«ለመሆኑ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠሽ የምትሥዪው የማንን ቤተ ክርስቲያን ነው?» ብለው ለጠየቁኝ መልሱ ይኸውልዎ። ሹፈትዎ ገብቶኛል። መሥሪያ ቤታችን ለገበሬ የሚታደል አንድ ገጽ ወረቀት ያዘጋጃል። አንድ ባልደረባዬ ቃሉን ይጽፋል፣ እኔ ሥዕሉን እሥላለሁ። ማንበብ የሚችል ሁለቱንም ያያል፣ የማይችል በሥዕሉ ይማራል። ሰው ቃልንና ሥዕልን አንድ ላይ ሲያገኝ ቶሎ ይገባዋል፣ ቶሎም አይረሳም ነው የሚባለው። እርስዎ ፊደል ያስቆጠሩኝ በአለንጋ ስለሆነ አያምኑኝ ይሆናል።

የአሁኑ ወረቀት ስለ ነቀዝ ነው። እውነቱን ልንገርዎትና እናቴን እያሰብኩ ነው የሣልኩት። በግንቦቱ ደብዳቤ «የዓምናውን ገብስ ነቀዝ ጨረሰብኝ፤ ድሮ ነቀዝ የቆላ እንጂ የደጋ አልነበረም» ብላ ካስጻፈች ወዲህ ነገሩ ከልቤ አልወጣም። ሰዉ አሁን ከገበያ ክኒን እየገዛ ጎተራ ውስጥ ይጨምራል። ክኒኑ ነቀዙን ይፈጃል፤ የሚተነው መርዝ ግን ሰውንም ይፈጃል። ስለዚህ ክኒን የገባበት ጎተራ ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ማደር የለበትም። ወረቀቱ የሚለው ይህንኑ ብቻ ነው።

ሦስት ሥዕሎች አሉት። በመጀመሪያው አንዲት ሴት ክኒኑን ጎተራ ውስጥ ትጨምራለች። በሁለተኛው ሰዎች አፍና አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ ጎተራውን ውጭ ትተው ይሄዳሉ። ሦስተኛው መደረግ የሌለበት ነው፤ ቤተሰቡ ጎተራውን አጠገቡ አድርጎ መደብ ላይ ጋደም ብሏል። በሦስተኛው ላይ ቀይ የመሰረዣ ምልክት አለበት፤ ግን የቢሮው ማተሚያ ቀይ ቀለም ጨርሶ ስለነበር በላክሁልዎ ላይ አልወጣም። ችግር የለውም፣ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ «ይህን አታድርጉ» ይላል።

ገና ለሙከራ ነው። ሾፌሩ ይታየው ሦስት ቅጂ ይዞልዎታል። ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ያሳዩልኝ፣ ከሁሉ በፊት ለእናቴ። እባክዎ አያስረዷቸው፤ «ምን ታያላችሁ?» ብለው ብቻ ይጠይቁና ያሉትን እንዳሉት ይጻፉልኝ። እርስዎ ሳያስተምሩ መዋል እንደሚከብድዎ አውቃለሁ።

እጅ ነሥቻለሁ፤ ልጅዎ አርሴማ

*

ራቤል፣ ነሐሴ 13 ቀን 2016 ዓ.ም.
(ያልተላከ)

ልጄ አርሴማ፤

ብዕር ካነሣሁ ሦስተኛ ቀኔ ነው። እናትሽ አልጣሽ ነሐሴ 9 ቀን ዐረፈች።

እኔ ለፍልሰታ ሱባኤ ደብሩ ገብቼ ነበር። ከቤት ከመውጣቴ በፊት ወረቀትሽን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት፤ ከሱባኤ ስመለስ ተቀምጬ እጠይቃታለሁ ብዬ። እሷ ግን እኔን አልጠበቀችም። የበልጉ ገብስ ገብቶ ነበር። ክኒኑን አስገዝታ ጎተራው ውስጥ ጨመረች። ብርዱ ስለጠና በሩን ጥርቅም አድርጋ ዘግታ፣ የሱፍ ባናዋን ለብሳ፣ ከጎተራው ሥር መደቡ ላይ ተኛች። ያገኘቻት የወንድምሽ ሚስት ጥሩሸዋ ናት።

ይህን ጽፌ መልሼ አነበብኩት። መርዶ በወረቀት አይላክም። ሰው ተሰብስቦ፣ ማልዶ ደጅሽ መጥቶ፣ ክንድሽን ይዞ ነው የሚነግርሽ። የይታየው መኪና አንዳንድ ቀን ሾልኮ ያልፍ እንደሆነ እንጂ መንገዱ ሽማግሌ የሚላክበት አይደለም። ወረቀቱ ደግሞ የእጅሽ ሥራ ነው። ሞቷንና ይህን አንድ ላይ እንዴት አድርጌ ልስጥሽ?

አልችልም።

*

ራቤል፣ ነሐሴ 26 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአርሴማ፤

ሰላመ እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን። በመዘግየቴ ይቅር በይኝ። ሱባኤ ነበርኩ፣ ከዚያም ትንሽ አሞኝ ነበር፤ አሁን ቆሜ እሄዳለሁ። የላክሽው ሹራብ ደርሶኛል፣ ልኬ ነው። ጥሩሸዋ ጠዋትና ማታ እየመጣች ታየኛለች። «ቤቱ አዲስ ሣር ለበሰ ወይ?» ብለሽ በይታየው አፍ ላስጠየቅሽው፣ አልለበሰም። ከጓሳ የመጣው ሣር እንደታሰረ ደጅ ቆሟል፤ ሰው ሌላ ነገር ያዘው።

አሁን ዋናውን ልጻፍልሽ። ያ ወረቀት እንዳይታተም። ለአለቃሽ ንገሪው፣ ቢቆጣሽም ይቆጣሽ።

ማዶ ሰፈር አንዲት ሴት ከሦስቱ ቅጂዎች አንዱን አግኝታ ነበር። ማንበብ አትችልም። ሥዕሉን አይታ ክኒኑን ጨመረችና ከጎተራዋ ጋር ተኛች። ሞተች። አታውቂያትም።

አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። አፋቸውን የሸፈኑትን ሰዎች ለምን በአንድ ዓይን ሣልሻቸው? መደብ ላይ ያሉትንስ ለምን በሁለት ዓይን?

እናትሽ ሰላም ለኪ ትልሻለች። ጉልበቷ አሁን አያማትም።

አባትሽ ወልደ አማኑኤል

*

አዲስ አበባ፣ መስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደዱ አባቴ፤

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረስዎ። ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ ወደ ኃላፊዬ ገባሁ። አልተቆጣም፤ ግን «በሙከራ ወረቀት አንድ ሰው ተሳሳተ ብለን ሥራ አናቆምም» አለኝ። ሰው መሞቱን ደግሜ ነገርኩት። ያኔ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ጊዜ ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ወረዳ ይታተማል፤ በዚህ በልግ የዘገየው ለመኸሩ ገብስ መድረስ አለበት ይላል።

ስለ ዓይኑ ጥያቄዎ፣ ባስበው ባስበው ከልምድ በቀር ምክንያት አላገኘሁለትም። ስንሠለጥን የሚሄድን ሰው ከጎን ሣሉት፣ መሄዱ እንዲታወቅ ተባልን። ከጎን የተሣለ ፊት አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚታየው። የተኙት ደግሞ ፊታቸው ወደ እኛ ስለሆነ ሁለት ዓይን አላቸው። ይኸው ነው። ደግሞስ ቃሉ ከሥሩ ተጽፎ የለም ወይ? «ይህን አታድርጉ» ይላል፣ በትልልቅ ፊደል። ማንም የሚያነብ ጎረቤት ቢነግራት ኖሮ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የተቆጣሁት በእርስዎ አይደለም።

ስሟ ማን ይባላል? ልጆች አሏት? ቤተሰቧ እኔ እንደሣልኩት ያውቃሉ?

አባዬ፣ አንድ ነገር ልናዘዝዎ። «አንዲት ሴት ሞተች» የሚለው ላይ ስደርስ ማንበቤን አቋርጬ የእናቴን ስም ፈለግሁ። ወረድ ብዬ የእናቴን ሰላምታ ሳይ እፎይ አልኩ። ገና ለሟቿ ሳላለቅስ፣ የእኛ ቤት አለመሆኑን አይቼ ደስ አለኝ። ይህን ለመሲ እንኳ አልነገርኳትም።

እናቴ ወረቀቱን አይታ ምን አለች? እስካሁን አልጻፉልኝም።

ልጅዎ አርሴማ

*

ራቤል፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአርሴማ፤

እንደምን ከርመሻል? የሟቿን ስም አትጠይቂኝ። ልጆች አሏት፤ አድገዋል። እፎይ በማለትሽ እግዚአብሔር አይቀየምሽም፣ እኔም አልቀየምሽም። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አትጻፊልኝ።

ስለ ዓይኑ ግን ልቆጣሽ ነው። አንቺ የማን ልጅ ነሽ? ስድስት ዓመትሽ ሆኖ እጄን ይዘሽ የደብሩን ግድግዳ ስትዞሪ «ይሁዳ ሌላው ዓይኑ የት ሄደ?» ብለሽ የጠየቅሽው እኔን አይደለም? ጻድቃን ሙሉ ፊታቸውን ሰጥተው በሁለት ዓይን ይሣላሉ፣ ኃጥአን ፊታቸውን አዙረው በአንድ ዓይን። ይህን ነግሬሻለሁ። የደብራችን ሰው ሥዕል ማየት የተማረው ከዚያ ግድግዳ ነው፤ ሌላ ትምህርት ቤት አልገባም። አንድ ዓይን ያለው ሰው አፉን ሸፍኖ ከጎተራ ሲሸሽ ሲያይ ምን ይበል? ሌባ ነው ይላል። እናትና ልጅ በሁለት ዓይን እያዩት ከእህላቸው አጠገብ ጋደም ሲሉ ደግሞ ደጋግ ሰዎች ናቸው ይላል። ግድግዳችን ላይ የታሪኩ ፍጻሜ ያለው መጨረሻው ሥዕል ላይ ነው። አንቺ መጨረሻ ያደረግሽው የተኙትን ነው።

ጎረቤት ቢያነብላት ላልሽው፣ ተነቦላት ነበር። ጥሩሸዋ ስድስተኛ ክፍል ደርሳ የለ፣ ቃሉን አንብባላታለች። ሴትዮዋ አዳምጣ «እኔስ ሥዕሉን ነው የማምነው» አለቻት። ጥሩሸዋ በትልቅ ሰው ላይ አልጸናችም። ይኸው እስከ ዛሬ ድረስ ለምን አልጮህኩም እያለች እህል አልበላ ብሏታል።

እኔስ? ዕድሜዬን በመጽሐፍ የጨረስኩ ሰው ወረቀቱ ሲደርሰኝ ሥዕሉን አይቼ በእጅሽ ሥራ ኩራት ያዘኝ። ቃሉን ገረፍ አድርጌ አለፍኩት። የጠየቅሽኝን ሳልሠራ ሱባኤ ገባሁ።

የቀሩትን ሁለት ቅጂዎች ይዤ ስምንት ሴቶች ጠየቅሁ፤ እንዳልሽው ምንም ሳላስረዳ። ሰባቱ ሌባ አሉ። ወይዘሮ ጠጄ ብቻ «በሽተኞች ናቸው፣ ወደ ጠበል ይሄዳሉ» አለች። ማንም እንዳሰብሽው አላየውም። አዲስ ሥዕል ሠርተሽ ላኪልኝ።

እናትሽ ሰላም ለኪ ብላሻለች። ሥዕልሽን ወዳው ነበር።

አባትሽ

*

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደዱ አባቴ፤

ቁጣዎ ይገባኛል፤ ተገቢም ነው። ይሁዳን አስታወስኩት። እንዴት እንደረሳሁት ግን አላውቅም። እዚህ ቢሮ ውስጥ ስለ ሥዕል ስናወራ የምናስበው ሁሉ ሰው ሥዕልን ሳይማር እንዲሁ የሚያውቀው እየመሰለን ነው።

አዲሱን ልኬዋለሁ። አፋቸውን የሸፈኑትን ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ አዞርኳቸው፤ ሁሉም ሁለት ሁለት ዓይን አላቸው። መደረግ የሌለበትን ሥዕል አወጣሁት። የተሳሳተ ነገር ሥሎ በምልክት መሰረዝ ቀርቷል። መጨረሻው ሥዕል ቤተሰቡ በሰላም ሲተኛ ነው፤ ጎተራው ግን ከቤቱ ርቆ፣ ውጭ፣ ክዳን ለብሶ ቆሟል። ቃሉንም «ክኒን የገባበት ጎተራ ውጭ ያድራል» ብለን አሳጠርነው። ሥዕሉና ቃሉ አንድ ነገር እንዲናገሩ ነው የደከምኩት።

አሁን የምለምንዎ አለ። ለእናቴ ያሳዩልኝ። ሌሎቹ ሴቶች እርስዎን ያከብራሉ፤ መሪጌታ ወረቀት ይዘው ሲመጡባቸው ያልገባቸውንም ገባን ሊሉ ይችላሉ። እናቴ ግን እርስዎን ፈርታ ያልገባትን ገባኝ ብላ አታውቅም። ቁጭ አድርገው ይጠይቋትና ያለችውን እንዳለችው ይጻፉልኝ። ሁለት ጊዜ ጠይቄዎ ሁለት ጊዜ አልፈውኛል። የሷ ቃል ሳይደርሰኝ ለኅትመት አልፈርምም፤ ለኃላፊዬም ነግሬዋለሁ። ከታኅሣሥ መጨረሻ በፊት ካልፈረምኩ የድሮውን እናትማለን ብሎኛል።

ደግሞ ልተርብዎት ነው። እናቴ በዕድሜዋ «ሰላም ለኪ» ብላኝ አታውቅም። የሷን ሰላምታ ወደ ግዕዝ መመለስ ከጀመሩ ስንት ጊዜ ሆነ? እሷ እንደምትለው «አንቺ ከሲታ፣ ትበያለሽ ወይ?» ብለው ይጻፉልኝ። ናፍቆኛል።

ልጅዎ አርሴማ

*

ራቤል፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፤

ከዚህ በታች ከማንበብሽ በፊት መሲን ጥሪያት። አጠገብሽ ትቀመጥ። ብቻሽን ከሆንሽ ወረቀቱን እጠፊው፤ ሰው ስታገኚ ትከፍቺዋለሽ። አባትሽ ነኝ የማዝሽ።

ማዶ ሰፈር የሞተች ሴት የለችም። ሟቿ እናትሽ ናት።

ነሐሴ 9 ቀን ዐረፈች። በማግስቱ ደብራችን ቀበርናት። አርባዋን መስከረም 13 ቀን ያለ አንቺ አወጣን። በዚያን ጊዜ ጽፌ ያልላክሁትንም ደብዳቤ አብሬ ልኬልሻለሁ፤ እንዴት እንደሆነ እዚያ ውስጥ አለ። ይታየውን ምንም እንዳይነግርሽ በመስቀል አስምዬው ነበርና በእሱ አትዘኚ። ወንድምሽም ሊጽፍልሽ ፈልጎ የከለከልኩት እኔ ነኝ።

መርዶሽን በወረቀት የምነግርሽ ሌላ ስላጣሁ ነው። ሽማግሌ የሚላክበት መንገድ እስኪከፈት ልጠብቅ እያልኩ አራት ወር አለፈ። ያቺ ሴት የእኛ አለመሆኗን አይተሽ እፎይ ያልሽበት ደብዳቤ ሲደርሰኝ ደግሞ ጭራሽ አቃተኝ። ልጄ እፎይ ብላ ትሰንብት አልኩ። ይህን ኃጢአት ለንስሐ አባቴ ተናግሬዋለሁ፤ እሳቸውም ንገራት ነው ያሉኝ።

የእሷን ቃል እንድልክልሽ ስትጽፊ አንድ ቀን ሙሉ ተቀመጥኩ። ጻፍኩትም። «እናትሽ አይታ ገብቷታል» ብዬ፣ እንደምትለውም «አንቺ ከሲታ» ብዬ። ብልክልሽ ትፈርሚ ነበር። ከዚያ ሥዕሉ እንደገና ስሕተት ቢሆንስ? በሟች አፍ ገብቶኛል ብዬ ሌላ ቤት ሰው ቢሞትስ? ቀደድኩት። ዝም ብልም ደግሞ ያንን የድሮውን ሊያትሙት ነው። መንገድ አላገኘሁም፣ ልጄ።

እናትሽ የመጀመሪያውን ወረቀት አይታ ምን አለች ብለሽ ሦስት ጊዜ ጠይቀሽኛል። ጥሩሸዋ ነገረችኝ፤ እኔም እንዳለችው እጽፍልሻለሁ። ክኒኑ የተገዛ ዕለት ሁለቱ ወረቀቱ ፊት ቆመው ነበር። እናትሽ በጣቷ እያሳየች «ይቺ ክኒኑን ትጨምራለች። እነዚህ አፋቸውን የሸፈኑት እህል ሊሰርቁ የመጡ ናቸው፤ መድኃኒቱን አይተው ይሸሻሉ። ይቺ ደግሞ እህሏን አቅፋ በሰላም ተኝታለች» አለች። ጥሩሸዋ ጽሑፉ አታድርጉ ነው የሚለው ብላ አነበበችላት። እናትሽም መለሰችላት፦

«ቃሉን ማን እንደጻፈው አላውቅም። ሥዕሉን የሣለችው ግን ልጄ ናት። እሷ ክፉ ነገር አትሥልልኝም።»

ይህን እንዳልነግርሽ ብዙ ታግያለሁ። ነገር ግን የጠየቅሽኝ ይህን ነው። ሰው ሥዕልሽን እንዴት እንደሚያይ ልታውቂ ከፈለግሽ ከዚህ የተሻለ የሚነግርሽ የለም። በቀሪ ዘመንሽ ስንት ወረቀት ትሥያለሽ።

አዲሱን ራሴ ይዤ አልዞርኩም። አንቺ እንዳልሽው ለእኔ ክብር ሲሉ እሺ ይላሉ። ጥሩሸዋን ላክኋት። አሥራ አንድ ሴቶች ጠይቃለች፤ አሥራ አንዱም ጎተራው ውጭ ያድራል አሉ። አፋቸውን የሸፈኑት ደግሞ ሽታውን ፈርተው ነው አሉ። ጠጄ እንኳ ጠበል አላለችም። የእያንዳንዷ ቃል ከዚህ ጋር አለ። ፈርሚበት።

ጥፋተኛ ብትፈልጊ ሳይጠይቅ ሱባኤ የገባውን ያዢ። አንቺ ሥዕሉን የላክሽው ለሙከራ ነበር፤ ጠይቁልኝ ብለሽ ነበር። ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። በራሷ ቤት ግድግዳ ላይ፣ በእኔ እጅ ተለጥፎ ባታየው ኖሮ እንደዚያ አታምነውም ነበር።

እግዚአብሔር ያጽናሽ። እኔ ማጽናናት አልቻልኩበትም።

አባትሽ ወልደ አማኑኤል

*

አዲስ አበባ፣ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ፤

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ታኅሣሥ 17 ቀን ነው። መሲን ጠርቻታለሁ፤ ያዘዙኝን አድርጌያለሁ። ሁለተኛውን መሥመር ሳልጨርስ ይዛኝ ወደቀች። ከዚያ ግቢው ሁሉ መጣ። ድንኳን ጣሉልኝ። እናቴን አንድም ቀን አይተዋት የማያውቁ ሴቶች ሦስት ቀን አብረውኝ ተቀመጡ፤ ምን ሆና ሞተች ሲሉኝ በድንገት አልኩ። 

አባዬ፣ ተቀይሜዎታለሁ። ቀስ እያለ ይለቀኝ ይሆናል፤ አሁን ግን አለ፣ ልደብቅዎ አልችልም። አራት ወር ሙሉ ከሞተች ሰው ጋር ሰላም ስባባል ከረምኩ። በመስቀል ዕለት ለሷ ብዬ ነጠላ ገዝቼ ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ። አርባዋ የወጣ ዕለት ምን ስሠራ እንደዋልኩ ላስታውስ ሞክሬ አቃተኝ፤ ምናልባት ስስቅ ነበር። በእሷ ስም የላኩልኝን ሰላምታ ለይቼ ላጠፋው ፈልጌ ነበር። ግን ደግሞ የእርስዎ እጅ ጽሑፍ ነው። ያንን ሲጽፉ ብቻዎን እንደነበሩ አሰብኩና ተውኩት።

ስለ ጥፋቱ ከእርስዎ ጋር አልከራከርም። እርስዎም ይውሰዱ፣ እኔም እወስዳለሁ፤ ለሁለታችንም ይበቃል። ጥሩሸዋን ግን እባክዎ አያስጨንቋት። ልጄ ናት የሣለችው ያለች ሰው ፊት እሷ ምን አቅም ነበራት? ትብላ ይበሉልኝ። ይህን ያልኩት እኔ መሆኔን ይንገሯት።

መንገዱ እንደተከፈተ እመጣለሁ። ቤቱ ውስጥ ያለውን ወረቀት እኔ ሳልመጣ አያንሡት።

የልቅሶዬ ሦስተኛ ቀን ካለፈ በኋላ ታኅሣሥ 23 ቀን ቢሮ ገብቼ አዲሱን ፈረምኩት። የአሥራ አንዱን ሴቶች ቃል አያያዝኩ። ትናንት ታትሞ ወጣ፤ ለሦስቱም ወረዳ ይሄዳል። ኃላፊዬ ደስ አለው። ከዚያ ግን የድሮው ሥዕል መዝገብ እንዲዘጋ የሙከራ ቅጹ መሞላት አለበት ብሎ ባዶ ቅጽ ሰጠኝ። እያንዳንዱ ሥዕል ለአንድ ሰው ታይቶ ምን እንደተባለበት የሚጻፍበት ነው። የመጀመሪያው ሥዕል ቅጽ እስከ ዛሬ አልተሞላም ነበር።

ተቀምጬ ሞላሁት። የተመልካች ስም፦ ወይዘሮ አልጣሽ። ዕድሜ፦ ስድሳ ሦስት። ትምህርት፦ ያልተማሩ። «ሥዕሉን አይተው ምን አሉ?» በሚለው ሥር እርስዎ የጻፉልኝን እንዳለ ገለበጥኩት፤ ቦታው አልበቃ ብሎኝ በጀርባው ጨረስኩት።

መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ አለ። ተመልካቹ ሥዕሉን ተረድተውታል ወይስ አልተረዱትም ይላል። ኃላፊዬ በትከሻዬ በኩል እያየ «አልተረዱትም በይና ፈርሚ» አለኝ። እምቢ አልኩት። እናቴ የሣልኩትን አንድም ሳታዛባ ነው ያነበበችው። በዚያ ሥዕል ላይ የተሣለው እሷ ያየችው ነው፤ እኔ ነኝ ሌላ ነገር የሣልኩ የመሰለኝ።

«ተረድተውታል» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምኩ።

ልጅዎ አርሴማ